የእማዋይሽ መስኮት

ጣሊያን ከጎንደር በወጣ በሃያ ዓመቱ፣ ፒያሳ አጠገብ አንድ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነበር። ጣሊያን ለሹማምንቱ ማደሪያ ብሎ ያሠራው ቤት ነው። ከድል በኋላ መንግሥት ወረሰውና ማደሪያ ማደሪያውን እየለየ ለስምንት ሰዎች ሸጠው። ከስምንቱ ሰባቱ ባለማዕረግ፣ ጸሐፊ ወይም ነጋዴ ነበሩ። ስምንተኛው አድማሴ ግንበኛው ነው።

አድማሴ ከእንደዚያ ዓይነት ሰዎች ጋር ጎረቤት ሊሆን የቻለው ከላይኛው ፎቅ ጥግ ላይ ያለችውን ማደሪያ ማንም ስላልፈለጋት ነበር። አንድ ክፍልና አንድ ኩሽና ናት። ክፍሏ ወለሏ ሳንቃ፣ በመንገዱ በኩል መስኮት ያላት፣ ሸጋ ክፍል ናት። ኩሽናዋ ግን አራት ግድግዳና አንድ በር ብቻ ነበረች፤ በሩም የሚከፈተው ሰው ሁሉ ወደሚወጣበትና ወደሚወርድበት ደረጃ ነው። እሳት ሲነድ ጭሱ በበሩ ወጥቶ ደረጃውን ይሞላዋል። ክፍሉ ውስጥ እንዳይነድ ወለሉ ሳንቃ ነው፤ ግቢ ውስጥ እንዳይነድ ማኅበሩ ከልክሏል።

ማኅበሩ የስምንቱ ባለቤቶች ማኅበር ነው። ቤቱ ሲሸጥ በውሉ ላይ እንዲህ የሚል ቃል ገብቶ ነበር፦ የቤቱን የፊት ገጽ ያለ ባለቤቶቹ ሙሉ ስምምነትና ያለ ሻጩ መሥሪያ ቤት ፈቃድ መሸንቆር፣ መድፈን፣ ቀለሙን መለወጥ ክልክል ነው፤ ይህን ያፈረሰ ቤቱን ይለቃል። ባለቤቶቹ ይህን ለመጠበቅ ማኅበር አቋቋሙ፤ ታችኛው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ቀኛዝማች ዋኘውን ሰብሳቢ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረውን አቶ ወልደኢየሱስን ጸሐፊ አደረጉ።

የአድማሴ ሚስት እማዋይሽ የጭልጋ ልጅ ናት። የወለዷቸውን ሁለት ልጆች ፈንጣጣ በአንድ ሳምንት ወስዶባቸው፣ ከዚያ ወዲህ እርስ በርሳቸው ብቻ እየተያዩ የኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። እዚያ ቤት ከገቡ ወዲህ ትንፋሿ ያጥር ጀመር። መጀመሪያ ሳል ነበር፤ ኋላ ደረጃውን ስትወጣ ሦስት ጊዜ የምታርፍ ሆነች። ሐኪም ቤት ወስዶ ቢያስመረምራት ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ «ከጭስ ካልራቀች የምሰጣት መድኃኒት ውሃ ነው» አለው።

በ1954 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አድማሴ ማለዳ ለሥራ ሲወጣ፣ በኩሽናው በር ላይ ከማኅበሩ የተለጠፈ ወረቀት አገኘ። በልጅነቱ ዳዊት የደገመ ሰው ነውና ቆሞ ቀስ እያለ አነበበው። እማዋይሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከኋላው መጣች።

«ምን ይላል?»

«በሩን ዝጉ ይላል።»

«የትኛውን በር?»

«ይኸንኑ ነዋ። ጭሱ የደረጃውን ልስን አጠቆረ፤ እሳት በነደደ ጊዜ ሁሉ ተዘግቶ ይዋል ነው የሚሉት።»

እማዋይሽ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ዞረባትና ግድግዳውን ይዛ ጎንበስ አለች። ሲለቃት ዓይኗን ጠርጋ፣ «እኔስ ከውጭ ነው ከውስጥ የምዘጋው?» አለችው።

አድማሴ መዶሻውን አንሥቶ ወጣ። ቀኑን ሙሉ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ሲጠርብ ዋለና ወደ ማታ ሲመለስ ወደ ክፍሉ ሳይገባ በቀጥታ ኩሽና ገባ። በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ በመዶሻው እጀታ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ሁለት ክንድ ያህል ወደ ጎን ሄዶ ደግሞ መታው። ድምፁ የተለያየ ነው።

«እዚህ ላይ መስኮት ነበረ» አላት።

«ማን ነገረኸ?»

«ማንም አልነገረኝም። የደፈንሁት እኔ ነኝ።»

እንዲህ ነበር ነገሩ። በ1930 ቤቱ ሲሠራ አድማሴ ገና ጎረምሳ ሆኖ ከጣሊያኑ የሥራ አለቃ ሥር ድንጋይ ያቀብል፣ ኋላም ይገነባ ነበር። የዚያች ኩሽና መስኮት ከላዩ ግድግዳውን የሚሸከመው ጉበን ተጭኖ ካለቀ በኋላ አንድ መሐንዲስ መጣና መንገዱ ላይ ቆሞ ቤቱን አየው። በግራ ሰባት፣ በቀኝ ስድስት መስኮት ሆኖበት ፊቱ ተጣመመብኝ አለ። አለቃው አድማሴን ጠርቶ መስኮቱን አስደፈነው። ያኔ ማን በዚያች ኩሽና ጭስ እንደሚበላ ለማወቅ ምን ምክንያት ነበረው?

«ጉበኑ እስከ ዛሬ ከውስጥ አለ» አላት። «ግድግዳው አይፈርስም፣ አይሰነጠቅም። ከጉበኑ ሥር ያለውን ድንጋይ ማውጣት ብቻ ነው።»

«በስንት ቀን?»

«ቀን ምን ያደርጋል። ጠዋት ብጀምር ለምሳ እደርሳለሁ።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልኸኝ?»

«ውል ፈርሜያለሁ፣ እማዋይሽ። የፊቱን ገጽ የነካ ቤቱን ይለቃል።»

«ይፈቅዱልኸ የለ እንዴ ብትጠይቃቸው? ሰዎች እኮ ናቸው።»

በማግስቱ ቀኛዝማች ዋኘው ግቢው ውስጥ ወንበራቸውን አስወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ አድማሴ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ። ቀኛዝማች ክፉ ሰው አልነበሩም። ለነዳይ ይመጸውታሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። ነገር ግን ያን ቤት ይወዱት ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ሆነው እያዩት ረጅም ጊዜ የሚቆሙበት ቀን ብዙ ነው። የአድማሴን ነገር እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «ሸጋ፣ አቤቱታህን በጽሑፍ አቅርብ። ያልተጻፈ ነገር ነፋስ ነው» አሉት።

ማመልከቻውን አቶ ወልደኢየሱስ ጻፈለት። እጁ የታወቀ ጸሐፊ ነው።

«ምን ልበል?» አለው፣ ብዕሩን ቀለም እያጠቀሰ።

«ሚስቴ በጭስ ታፍናለች፣ መስኮቱን ልክፈት በልልኝ።»

«እንዲህ ተብሎማ ለጉባኤ አይጻፍም፣ አያ አድማሴ። እኔ አቃናዋለሁ።»

ሲያነብለት ስለ አየር መዘዋወር፣ ስለ ሕንፃው ጥንካሬና ስለ ሥራው ጥራት የሚናገር ሁለት ገጽ ሆኖ ነበር። አድማሴ ጽሑፉ አማረው። ደረጃውን እየወጣ እንደገና ሲያነበው ግን የእማዋይሽ ስም አንድም ቦታ እንደሌለ አየ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ማኅበሩ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። አቶ ወልደኢየሱስ ማመልከቻውን ቆሞ አነበበ። መጀመሪያ የተናገረችው ከአድማሴ ኩሽና ሥር የምትኖረው ወይዘሮ ባንቺአየሁ ነበረች። ሰገነቷ መንገዱን ያያል።

«ጭሱ የት ሊሄድ ነው?» አለች። «በእኔ ሰገነት ላይ ነዋ! ያጠብሁትን ነጠላ ለማን ላስጣ?»

«ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄድ፣ እመቤቴ» አለ አድማሴ።

«ነፋስ ሲመጣስ? ነፋሱንም አንተ ነህ የምታዘው?»

ሰዎች ሳቁ። አንዱ ነጋዴ ዛሬ መስኮት ከተፈቀደ ነገ በር፣ ከነገ ወዲያ ሱቅ ልክፈት የሚል ይመጣል አለ። ቀኛዝማች ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ ወደ ግንባሩ ግድግዳ ቀና ብለው አዩ።

«ቤት ፊት አለው» አሉ። «ሰው ፊቱ ላይ ሦስተኛ ዓይን ያስጨምራል?»

«ጌታዬ፣ ዓይኑማ ነበረ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

እንደገና ሳቁ። አድማሴ ለማሳቅ ብሎ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ጉባኤው ጉዳዩን አልከለከልንም፣ አልፈቀድንምም፤ በመጀመሪያ ቤቱን ከሸጠው መሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ ይምጣ ብሎ ተነሣ።

መሥሪያ ቤት ሄደ። ያገኘው ጸሐፊ ገና ወጣት፣ ትሑት ልጅ ነው። ውሉን ከመዝገብ አውጥቶ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ አነበበለት።

«አባቴ፣ እኛ የምንፈቅደው ባለቤቶቹ ሁሉ ሲስማሙ ነው። የስምንቱም ፊርማ ይምጣ።»

«እነሱ እኮ ከእናንተ አምጣ ብለውኝ ነው የመጣሁ።»

ልጁ መዝገቡን ዘጋው። «እኔ ብችል ዛሬውኑ በሰጠሁዎት» አለ። እውነቱን እንደሆነ አድማሴ ከፊቱ አየ፤ ግን ምን ይጠቅመዋል?

ፊርማ መለመን ጀመረ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ የሰገነቷ ወለል ተሰነጣጥቆባታልና፣ «መጀመሪያ ይህን ብታበጅልኝ» አለችው፤ አበጀላት፤ ፈረመች። ነጋዴው የሱቁ ደፍ ተነቅሎበት ነበር፤ ገነባለት፤ ፈረመ። ሌሎቹም እንዲሁ ምድጃ የተናደበት፣ ደረጃ የተሸረፈበት አይጠፋም። ቀኛዝማች ራሳቸው የውጭውን በር ዓምድ አሠሩትና ሥራውን እያደነቁ ፈረሙ። እንዲህ ሲል የካቲት አለቀ። የእማዋይሽ ኩሽና ብቻ ያልተነካ ሆኖ ቀረ። እሷ በሩን ዘግታ ታነዳለች፤ ጭሱ ሲበዛባት መሬት ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ አፍና አፍንጫዋን ትይዛለች፤ ወጡ ሲፈላ ብድግ ብላ አማስላ እንደገና ትቀመጣለች። ቤቱ ውስጥ በሳል ድምፅ የት እንዳለች ይታወቅ ነበር።

የቀረው አንድ ፊርማ የአቶ ክንዱ ነው። እሱ ማደሪያውን ገዝቶ ሳይኖርበት ጭልጋ አይከል ላይ በጥጥ ንግድ የሚኖር ሰው ነበር። አድማሴ ከሥራው ሦስት ቀን ለምኖ ወጥቶ በጭነት ማኪና አናት ላይ አቧራ እየጠጣ ሄደ። አቶ ክንዱ ምሳ አቅርቦለት፣ ወረቀቱን እንኳ በደንብ ሳያይ ፈረመለት።

«ለዚህ ብለህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣህ?» አለው። «እኔማ ያ ቤት መኖሩንም ረስቼዋለሁ። ይልቅ የአገራችን ልጅ እማዋይሽ ደህና ናት? የእነማን ልጅ ነበረች?»

በሦስት ወር ውስጥ ስለ እሷ በስሟ የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው ነበር። አድማሴ የጎረሰውን ሳያኝክ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። አቶ ክንዱ እንዳላየ ሆኖ እንጀራ ጨመረለት።

ስምንቱን ፊርማ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በደረት ኪሱ ይዞ፣ ደስ ብሎት ተመለሰ። ከማኪናው እንደ ወረደ ቀኛዝማች ዘንድ ገባ። ቀኛዝማች ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ «ሸጋ ነው፤ ግን ፊርማ ብቻውን ፊርማ ነው። ጉባኤው ተቀምጦ ሲያጸድቀውና ማኅተም ሲያርፍበት ነው ስምምነት የሚባለው» አሉት። ያኔ ዐቢይ ጾም ነበርና ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። ፋሲካ አለፈ፤ ቀኛዝማች ለርስት ክርክር ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። በሰኔ ሲመለሱ ጉባኤ ተጠራ፤ ዝናብ ጣለና ከስምንቱ ሦስት ብቻ ተገኙ። አቶ ወልደኢየሱስ ምልዓተ ጉባኤ አልሆነም ብሎ በመዝገብ ላይ ጻፈ። ክረምት ሰው አይሰበሰብም፤ መስከረም ሲጠባ ይታያል ተባለ።

«እንግዲህ እስከ መስከረም ነው» አላት አድማሴ።

እማዋይሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። በዚያ ሰሞን ስትተኛ ስለምትታፈን ትራስ ደግፋ ቁጭ ብላ ነበር የምታንቀላፋው።

«እስከ መስከረም» አለች። ቃሉን ለመጨረስ መሐሉ ላይ መተንፈስ ነበረባት።

የሐምሌ አቦ ዕለት አድማሴ ዝናቡ ሥራ ስላስፈታው በቀትር ወደ ቤቱ መጣ። የኩሽናው በር ዝግ ነው፤ ከሥሩ ጭስ ይወጣል፤ የሳል ድምፅ ግን የለም። በሩን ሲገፋው ከበደው። እማዋይሽ ከበሩ ሥር ወድቃ ነበር፣ አንድ እጇ ወደ መዝጊያው እንደ ተዘረጋ። ጎትቶ ወደ ደረጃው አወጣት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ስሟን እየጠራ ፊቷ ላይ ውሃ ረጨባት። ወይዘሮ ባንቺአየሁም ወጥታ «ማርያም! ማርያም!» እያለች ነጠላዋን አራገበችላት። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበች።

አድማሴ አልጋዋ ላይ አስተኛት። ትንፋሿ እስኪረጋ ጠበቀ። ከዚያ መዶሻውንና መሮውን አንሥቶ ኩሽና ገባ።

ማንንም አልተጣራም፣ ማንንም አልጠየቀም። መጀመሪያ ልስኑን አራገፈ፤ ጉበኑ ልክ እሱ ባለው ቦታ ላይ ብቅ አለ። ከሥሩ ያለውን የመጀመሪያውን ድንጋይ ለማላቀቅ ትንሽ ታገለ፤ በጎረምሳነቱ ምርጊቱን አጥብቆት ነበር። ሁለተኛው ቀለለው። አምስተኛው ሲወጣ የውጭ ብርሃን ገባ፣ ከብርሃኑ ጋር የዝናብ ሽታ፣ ከሽታው ጋር ነፋስ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ድንጋዮቹን በአንድ ጥግ ደርድሮ፣ አቧራውን ጠርጎ ጨርሶ ነበር።

እማዋይሽ ግድግዳውን ይዛ መጣች። መስኮቱ ላይ ክንዷን አስደግፋ አንገቷን ወደ ውጭ አወጣች። ዝናቡ አባርቷል፤ ከጣራዎቹ በላይ የቁስቋም ዛፎች በጉም ውስጥ ይታያሉ።

«ይኸ ሁሉ እዚህ ነበር?» አለች።

ለአራት ቀን እንደዚያ ሆነ። እሳት ስታነድ ጭሱ አጎንብሶ እንደሚወጣ ሰው በመስኮቱ ሹልክ ይላል። በሦስተኛው ቀን ተጋድማ ተኛች። በአራተኛው ቀን ሽንኩርት እየከተፈች ስታንጎራጉር አድማሴ ከክፍሉ ሆኖ ሰማት፤ እንዳታቆም ፈርቶ ሳይነቃነቅ ተቀመጠ።

በአምስተኛው ቀን ማኅበሩ ተሰበሰበ። በዚያ ሁሉ ዝናብ የቀረ አልነበረም፤ ከአይከሉ ክንዱ በስተቀር ሁሉም ጃንጥላቸውን ይዘው በቀኛዝማች ሳሎን ተገኙ። አቶ ወልደኢየሱስ የውሉን ቃል አነበበ። ያልጸደቀ ፊርማን ይዞ የፊቱን ገጽ መሸንቆር ውል ማፍረስ እንደሆነ፣ ውል ያፈረሰም ቤቱን እንደሚለቅ አስረዳ። ነገር ግን ማኅበሩ ስለ ርኅራኄ ብሎ፣ አድማሴ በስምንት ቀን ውስጥ በገዛ እጁ እንደ ነበረው ቢመልሰው በጥፋቱ እንዳይጠየቅ ወሰነ።

«ሚስቴ ወድቃ ነው ያገኘኋት» አለ አድማሴ። «ወይዘሮ ባንቺአየሁ አይታለች። ተናገሪ እንጂ፣ እመቤቴ!»

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት አዞረች። «ታማ ነበር፣ እውነት ነው። እግዚአብሔር ይማራት» አለች። «ግን ሕግ ለሁላችንም ነው።»

«ሁላችሁም ፈርማችሁልኝ የለም ወይ?»

«የፈረምነው እንድትጠይቅ ነው፤ እንድትሸነቁር አይደለም» አለ ነጋዴው።

በማግስቱ ማለዳ አድማሴ ከመስኮቱ ካወጣቸው ድንጋዮች አንዱን መረጠ። በአንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ አገሩ ወግ በቀኛዝማች ደጃፍ ቆመ። እንደዚያ ሆኖ የሚለምን ሰው አባቱን የገደለ እንኳ ቢሆን ይማራል ሲባል ነው የሚያውቀው። ዝናብ ያካፋ ነበር። ቀኛዝማች ወጡ፤ ሲያዩት ደነገጡ።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ስለ እግዚአብሔር ብለው፣ ስለ ቁስቋም ማርያም ብለው ጌታዬ። ለእኔ አይደለም።»

ቀኛዝማች ወደ ላይ፣ ወደ ግንባሩ ግድግዳ፣ አዲስ ወደ ተከፈተችው ጥቁር መስኮት አዩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያዘኑ ይመስሉ ነበር።

«እኔ ምሬሃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ቂም የለኝም። አውርደው ድንጋዩን።» እጃቸውን ሰድደው ራሳቸው ሊያግዙት ሞከሩ። «አውርደውና ወደ ነበረበት መልሰው።»

አድማሴ ስድስቱን ቀን ምንም ሳይሠራ ቆየ። እማዋይሽም እሳት ታነዳለች፣ በመስኮቱ ትመለከታለች፣ ትተኛለች። በሰባተኛው ቀን ኖራና አሸዋ ይዞ መጣ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችውም። ድስቱን ጥዳ ከምድጃው አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ሲገነባ ታየው ጀመር። ቱንቢውን ጥሎ፣ ድንጋዩን እያጠበ፣ አንዱን በሌላው ላይ አሳረፈ። ሥራን ማበላሸት የማያውቅ እጅ ነው፤ ቀስ ብሎ ሊሠራ ቢፈልግ እንኳ እጁ ይፈጥንበታል። ብርሃኑ ጠበበ፤ መጀመሪያ የመንገዱ፣ ቀጥሎ የጣራዎቹ፣ ቀጥሎ የዛፎቹ መልክ ጠፋ። ጭሱ መመለስ ጀመረ።

«አድማሴ» አለችው። «ሽሮው እስኪበስል አንዷን ድንጋይ ተዋት።»

የመጨረሻውን ድንጋይ በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጠበቀ። ሽሮው ሲበስል አወረደችው፤ እሳቱን አጠፋች፤ ተነሥታ ወጣች። ያን ጊዜ ድንጋዩን አገባው።

የእማዋይሽ ወንድም አለኸኝ ፀዳ ላይ የሚያርስ ሰው ነው። ለመስቀል ሊጠይቃቸው መጥቶ እህቱን ባየ ጊዜ ሳይቀመጥ፣ «ልብስሽን ልበሺ፤ እንሄዳለን» አላት። አድማሴን ደግሞ፣ «አንተስ ምን ታደርጋለህ እዚህ?» አለው።

አድማሴም ከእነሱ ጋር ለመሄድ ወስኖ ነበር። ማደሪያዋን ሸጦ ሊሄድ ቀኛዝማችን ቢያነጋግር፣ ለውጭ ሰው መሸጥም ከማኅበሩ ስምምነት ውጭ አይሆንም አሉት። ጥሏት እንዳይሄድ፣ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ ባለቤቱ ከስድስት ወር በላይ ያልኖረበት ማደሪያ ወደ ሻጩ ይመለሳል የሚል ቃል ውሉ ላይ አለ፤ አይከሉ ክንዱ ቀድሞ ፈቃድ አስጽፏል፤ አድማሴ አላስጻፈም። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ሆነበት። ስለዚህ እማዋይሽ ከወንድሟ ጋር ሄደች፤ እሱ ቀረ፤ የኩሽናውን በር ዘግቶ እሳት የሚያነደውም እሱ ሆነ። ለሽያጩም ማመልከቻ አገባ። በጥቅምት ይታያል ተባለ፤ በጥቅምት አልታየም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኪና ካገኘ በማኪና፣ ካላገኘ በእግሩ፣ በአዘዞ አድርጎ ፀዳ ይሄዳል። በኅዳር መጨረሻ አንድ እሑድ ሲደርስ፣ ቤተ ሰቡ አዝመራ ለመሰብሰብ እየተሰናዳ ነበር። እማዋይሽ ከጎጆው ውጭ፣ ሣር በለበሰ ዳስ ሥር፣ ከአለኸኝ ሚስት ጋር ታበስላለች። ጉንጯ ሞልቷል። ሲያያት ቆመና እሷ እስክታየው ጠበቀ።

ከምሳ በኋላ አለኸኝ ስለ እርሻው አነሣ። ሰው እንደሚጎድለው፣ አንድ ጥንድ በሬ የሚያውስ ሰው እንዳለ፣ ግንበኛም ለአገሩ እንደሚያስፈልግ ተናገረ። አድማሴ ራሱን እየነቀነቀ ሰማው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ተነሣ።

«እደር እንጂ» አለችው እማዋይሽ።

«ነገ ስብሰባ አለ።»

«ስለ ሽያጩ?»

«ይታያል ብለዋል።»

«ያለፈውም ሰኞ እንዲሁ ብለውኸ ነበር እኮ።»

«ብለውኝ ነበር። ካልተገኘሁ ደግሞ ባለ ጉዳዩ የለም ብለው ያልፉታል።»

ቆሎ በጨርቅ ቋጠረችለትና ልትሸኘው ተነሣች። ከመንደሩ ወደ ትልቁ መንገድ የሚያወጣው አንድ ዳገት አለ። ጎን ለጎን ጀመሩት። እሷ ስለ ጎረቤት ጥጃ፣ ስለ አለኸኝ ሚስት እርግዝና እያወራች ነበር የምትወጣው። መሐል ላይ ደረቱ ተጨነቀና ቆመ፤ እሷ ሳታውቅ እያወራች ጥቂት እርምጃ አለፈችው። ከዚያ ዞር አለች።

«ምነው?»

«ምንም» አላት። «ሂጂ፣ መጣሁ።»

ዳገቱን ጨርሰው መንገዱ ላይ ተሳሳሙ። እሷ ተመልሳ ወረደች። አድማሴ ዳሱ ጋ እስክትደርስ ቆሞ አያት፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላረፈችም። ከዚያ ሳይመሽ አዘዞ ለመድረስ ቆሎውን ኪሱ ከቶ ወደ ከተማው መንገድ ገባ።